መጀመሪያ የመቀመጫዬን!

ዝንጀሮ እሾህ ውስጥ ገብታ ገላዋ ሁሉ ተወጋ፤ «የቱን እንንቀልልሽ?» ቢሏት «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። ይኸን ተረት የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም፤ ሁሉም ስቆ ያልፈዋል። ነገር ግን ዝንጀሮዋ ሞኝ አይደለችም። የመቀመጫዋ እሾህ ካልወጣ አረፍ ብላ የእጇንና የእግሯን ልትለቅም አትችልም። መጀመሪያ መነቀል ያለበት ሌሎቹን ለመንቀል የሚያስችለው እሾህ ነው። ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው።

ተረቱን ያነሣነው ለማሣቅ አይደለም። በግቢያችን ስለ ጦጣና ዝንጀሮ ምርምር ወሬ በተነሣ ቁጥር ሦስት ዓይነት መልስ እንሰማለን። አንደኛው «ሰው ጦሙን እያደረ የዝንጀሮ አንጎል ይለካል እንዴ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ይኸ የአራት ኪሎ የባዮሎጂ ልጆች ጣጣ ነው፤ እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ምን አገባን?» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ይነሣና «ዝንጀሮውም የእኛ፣ ዝናው የፈረንጅ፤ ዘረፉን!» ይላል። ሦስቱም መልሶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ሦስቱም ሲያልቁ ተናጋሪው ምንም ሳይሠራ ወደ መኝታው ይሄዳል። እኛም በዚህች በተባዛች ገጽ ሦስቱንም በየተራ እንሞግታቸዋለን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልን።

እስቲ ከአገሩ እንጀምር። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን እንደ መቀነት የታጠቁ ከተሞች ናቸው። ሰበታ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ቢራውና የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ነው፤ ቡራዩ ሲባል የገፈርሳ ውሃ፤ ሱሉልታ ሲባል ማለዳ በጭጋግ ውስጥ የሚሮጡት አትሌቶች። ከነዚህ ከተሞች ጀርባ ማን እንደሚኖር ግን የሚጠይቅ የለም። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተተከለ ነው ይባላል። በጽዱ ሥር ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ጦጣም አለች። ከቡራዩ አልፎ በሆለታ መንገድ ደግሞ «እንስሳ ኮቴ» የሚባለው የቦርን ፍሪ ድርጅት የእንስሳት ማገገሚያ ይገኛል፤ ከሰው እጅ የተወረሱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች፣ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች የሚጠጉበት ቦታ ነው። ከሱሉልታ ተነሥቶ ጫንጮን አልፎ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያለባቸው ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ያገኛል። ሁሉም ከስድስት ኪሎ በግማሽ ቀን አውቶቡስ የሚደረስባቸው ናቸው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ እንለፍ፤ እኛን በቀጥታ የሚመለከተው እሱ ነውና። «የቋንቋ ተማሪ ምን አገባው?» ይሉናል። እንግዲያው ስሙን እንጠይቅ። በ1835 የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ካገራችን ተመልሶ ስላገኛቸው እንስሳት ሲጽፍ ሁለቱን በእኛው ቃል መዘገባቸው። አንዱን «ጌላዳ» አለው፤ ጭላዳ ማለቱ ነው። ሁለተኛውን «ጉሬዛ» አለው። ዛሬ ከቶኪዮ እስከ ቺካጎ ያለ የእንስሳት ሊቅ እነዚህን ፍጥረታት ሲጠራ ሳያውቀው ካገራችን ባላገር አፍ የወጣ ቃል ይጠራል። በ1902 ኦስካር ኖይማን የባሌን ጦጣ ሲመዘግብም የጀምጀምን አገር ስም ሰጣት። ስማችን በላቲን መዝገብ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ ሩፔል የሰበሰባቸውም ናሙናዎች በፍራንክፈርት ሴንከንበርግ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ስሙን ሰጥተን ትርጓሜውን ሳንቀበል ወደ ሁለት መቶ ዓመት እየተጠጋን ነው። ይኸ የቋንቋ ጉዳይ ካልሆነ ምን የቋንቋ ጉዳይ አለ?

ስሙ ላይ ብቻ አይቆምም። በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው ጆን ክሩክ ደብረ ሊባኖስ ላይ ተቀምጦ የጭላዳን መንጋ ሲያጠና፣ ስዊሱ ሃንስ ኩመር በኤረር ጎታ በኩል የቆላውን ሐማድርያስ ዝንጀሮ ያጠና ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሮቢን ደንባር የሚባል ወጣት ስሜን ተራራ ላይ ወጥቶ ጭላዳዎች እርስ በርስ ፀጉር ሲፈታተሹ፣ ሲኳረፉና ሲታረቁ ሰዓት ይዞ ይቆጥር ጀመር። ጃፓናዊው ማሳዎ ካዋይም ከጓደኞቹ ጋር በዚያው በስሜን ሠርቶ በ1979 ጥናቱን በመጽሐፍ አወጣ። ይኸ ሁሉ ሲሆን ተማሪው የት ነበር? ነገሩ የዝንጀሮ ነው ብሎ ስቆ አልፏል።

ደንባር ግን አልሣቀም። በ1992 የ38 የጦጣና የዝንጀሮ ወገኖችን አንጎል አነጻጽሮ አንድ ነገር ተናገረ፦ ከአንጎላቸው የላይኛው ቅርፊት የሚይዘው ድርሻ ሰፊ የሆነባቸው እንስሳት በብዛት ተሰባስበው የሚኖሩ ናቸው፤ አንጎል የተስፋፋው ማኅበራዊ ኑሮን ለመሸከም ነው አለ። ከዚያም ስሌቱን ወደ ሰው አዞረና አንድ ሰው በቅጡ ሊያውቃቸውና ሊይዛቸው የሚችለው ሰዎች ቁጥር 150 ገደማ ነው ሲል ገመተ። በ1996 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ የሰው ቋንቋ የመጣው ፀጉር መፈታተሽን ተክቶ ነው፣ ሐሜትና ጨዋታ የቃል ፍተሻ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ልብ በሉ! የሰው ልጅ ለምን እንደሚያወራ የሚያስረዳ አንድ ትልቅ ግምት የስሜንን ጭላዳ እያየ ጎልማሳ ከሆነ ሰው ራስ ወጣ። ስለ ዕድርና ስለ ማኅበር፣ ስለ ቡና ጠጡና ስለ ሐሜት ድርሰት የምንጽፍ እኛ ይኸን ሳናውቅ ብንጽፍ ማን ይጎዳል?

ሁሉን የሰማነውን እንዋጥ ማለታችንም አይደለም። በ2017 ከ140 በላይ የሆኑ ዝርያዎችን ያነጻጸረ ጥናት የአንጎልን መጠን ከመንጋው ብዛት ይልቅ የሚበላው ምግብ ዓይነት ይተነብየዋል ብሏል። በ2021 ደግሞ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች የ150ን ስሌት እንደገና ሠርተው፣ የስሕተቱ ወሰን እጅግ ሰፊ ስለሆነ አንድ ቁጥር ቆርጦ መናገር አይቻልም ሲሉ ሞገቱት። ክርክሩ ሞቅ ብሏል። እኛ ግን ከክርክሩ ውጭ ነን፤ አንዱንም ወገን ደግፈን ወይም ተቃውመን በራሳችን ቋንቋ የጻፍነው ነገር ተፈልጎ አይገኝም። ስለ ራሳችን ገደልና ስለ ራሳችን ጭላዳ ክርክር ሲካሄድ ተመልካች መሆን ያስተዛዝባል።

የሥነ ልሳን ተማሪ «ይኸስ የእኔ አይደለም» ሊል ነው? በ2013 ቶር በርግማን የወንድ ጭላዳ ከንፈር እያርገበገበ የሚያሰማው ድምፅ አወራረዱ የሰውን ንግግር እንደሚመስል ጻፈ። በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ ከዚህ ያለፈ ነው። በቋንቋ ጥናት «የመንዘራት ሕግ» የሚባል አለ፤ አንድ ነገር ሲረዝም ክፍሎቹ ያጥራሉ ይላል። ረጅም ቃል አጫጭር ክፍለ ቃላት ይኖሩታል እንደ ማለት ነው። የስሜን ጭላዳዎች የድምፅ ሰንሰለት ሲለካ ይኸንኑ ሕግ ሲከተል ተገኘ፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም እያንዳንዱ ድምፅ ያጥራል። እንግዲህ በሰው ቋንቋ ላይ የተቀረጸው ሕግ ስሜን ላይ በሣር መካከል ሲሠራበት ከተገኘ፣ የቋንቋ ትምህርት ከሰው አፍ ብቻ ይጀምራል የሚል ተማሪ መልሱን እንደገና ቢያስብበት ይሻላል።

ስለ አካሉም እናንሣ፤ ተረቱ የተነሣው ከመቀመጫ ነውና። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይበላል፤ ከቦታ ቦታ የሚፈቀቀውም ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው። ሣር አንድ በአንድ የሚነጨው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ነው፤ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁለቱን ጣቶች እንደሱ አጋጥሞ የሚቆነጥር የለም። በ1970 ክሊፎርድ ጆሊ ይኸን እጅና ይኸን ጥርስ መነሻ አድርጎ፣ የሰው ቅድመ አያት ቀጥ ያለ ወገብና ብልህ እጅ ያገኘው ተቀምጦ ጥቃቅን ፍሬ ከመልቀም ይሆናል ሲል ጻፈ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1974 ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ተገኘች፤ በዚያው በሐዳር አፈር ውስጥ የጭላዳ ጥንታዊ ዘመዶች አጥንትም ይገኛል። የጆሊ ሐሳብ በኋላ ብዙ ተነቅፏል፤ ነገር ግን ጥያቄው አልሞተም። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ያለችው ዝንጀሮ ከሊቃውንቱ ቀድማ የአቀማመጥን ነገር ሳትጠረጥር አልቀረችም።

ጉሬዛስ? የወገኑ ስም «ኮሎበስ» የመጣው «አካለ ጎዶሎ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው፤ አውራ ጣት የለውምና። ሆዱ ግን እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል የተሠራ ነው፤ ሌላው ጦጣ የማይደፍረውን ቅጠል በዚያ እያብላላ ይኖራል። በአንድ ደን ውስጥ ጦጣ ፍሬውን፣ ጉሬዛ ቅጠሉን ተካፍለው ያድራሉ። ስለ መሬትና ስለ ድርሻ ቀን ከሌት ለምንከራከር ለእኛ ይኸም ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ወደ ሱሉልታ እንመለስ። ሯጮቹ ሱሉልታን የመረጡት ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነና አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። በ2002 ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦችዋ ጋር ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩትን ሰዎች መርምራ፣ እንደ አንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸው አለመወፈሩን፣ የደማቸው ኦክስጅንም አለመጉደሉን ጻፈች። በ2022 ደግሞ የጭላዳ ጂኖም ተነበበ። እነሱም ቢሆኑ በከፍታው ምክንያት የደማቸው ሄሞግሎቢን አልጨመረም፤ ደረታቸው ግን ከሌሎቹ ዝንጀሮዎች ሰፋ ያለ ነው። በሰሜን የሚኖሩትም 44 ክሮሞሶም ሲኖራቸው፣ የወገኑ ሁሉ የተለመደው ቁጥር 42 ነው። አንድ ተራራ ለሰውና ለዝንጀሮ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ሁለቱም ደማቸውን ሳያወፍሩ መለሱ። ይኸን የሚያህል ነገር ለሱሉልታ ልጅ በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ቢደርሰው ሩጫውንም ተራራውንም በሌላ ዓይን ባየው ነበር።

አሁን ለአንደኛው መልስ፤ «ሰው ጦሙን እያደረ» ለሚለው። ይኸ መልስ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከርኅራኄ የመጣ ይመስላል። ርኅራኄ ከሆነ ግን ሙታንን ይቁጠር። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ ዙሪያ ቢጫ ወባ ገባ። 100,000 ያህል ሰው እንደታመመና 30,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ሕዝቡ ክትባቱን አላገኘም ነበር። በሽታው ከየት መጣ? የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅድመ አያት የሆነው የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የዱር እንስሳትን ሳይቀር መረመሩ። ቫይረሱ በጫካ ውስጥ በጦጣና በዝንጀሮ ወገን መካከል በትንኝ አማካይነት ይዞራል፤ ከዚያም ሰው ጋ ይደርሳል። ከትንኞቹ አንዷ እንቁላሏን የምትጥለው በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። በጓሯችን! የዝንጀሮ ደም መመርመር ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኸን ለእነዚያ 30,000 ሙታን ቤተሰቦች ይንገራቸው።

«ያ ድሮ ነው» እንዳይባል፤ ቢጫ ወባ በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ተመልሶ መጥቷል። መርካቶ ውስጥ ጉራጌ አገር ዘመድ የሌለው ሰው ስንት ነው? ለመስቀል ስንቱ ወጥቶ ይገባል? ጫካና ከተማ በአውቶቡስ የተገናኙበት ዘመን ላይ ነን። የጫካውን ዝንጀሮ ጤና የሚከታተል ሰው የከተማውን ሰው ጤና በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው።

ከዚህም የቀረበ አለ። በስሜንና በመንዝ ጓሣ ጭላዳዎች ላይ ትልልቅ እባጮች ይታያሉ፤ አንዳንዱ እንደ ብርቱካን ያህላል። ምክንያቱ የኮሶ ትል ዘመድ ነው። ትሉ የሚኖረው በውሻና በውሻ ወገኖች አንጀት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፤ ጭላዳ ሣሩን ሲነጭ አብሮ ይውጠዋል፤ ከዚያም በገላው ውስጥ ውሃ ያዘለ እባጭ ሆኖ ያድጋል። እባጭ የያዛቸው ጭላዳዎች ከጤነኞቹ ይበልጥ ይሞታሉ፤ የታመሙ እናቶችም ልጆች የመትረፍ ዕድላቸው ያንሳል። ይኸው ትል አልፎ አልፎ ሰውንም ይይዛል፤ ዓይንና አንጎል ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ኮሶ ለሚጠጣ አገር የኮሶን ነገር ማስረዳት ያን ያህል ይከብዳል? አይከብድም። የሚከብደው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ለባለ ውሻው አለመንገር ነው።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዳር ቤት በተሠራ ቁጥር ውሻ ይበዛል፤ ደን ይቀንሳል። ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ለሰው የሚያቀብል ዋናው እንስሳ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ውሻ፣ ጦጣ፣ ላምና ሕፃን ባንድ ጓሮ ሲውሉ የአንዱ በሽታ የሁሉም ነው። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የተሠራው እዚያው ሰበታ ላይ ነው። ዕውቀቱ ወጨጫ ሥር ተቀምጧል፤ የሚቀረው ከቢሮ ወጥቶ በአማርኛና በኦሮምኛ ወደ ባላገሩ ደጅ የሚያደርሰው እግር ነው። እግር ደግሞ ተማሪ አለው።

ደግሞም ይኸ ምርምር እንስሳ ማረድ የሚመስላቸው አሉ። ቀድሞ ተመራማሪ ማለት ጠመንጃ ይዞ የሚዞር ማለት ነበር፤ የሩፔል ዘመን እንደዚያ ነበር። ዛሬ የስሜኖቹ ተመራማሪዎች የሚሰበስቡት የጭላዳን ዓይነ ምድር ነው። ከዚያ ውስጥ ሆርሞኑን ለክተው ማን እንዳረገዘች፣ ማን እንደተጨነቀ ያውቃሉ። በ2012 የወጣው ጥናታቸው፣ አዲስ ወንድ መንጋውን በጉልበት ሲቀማ እርጉዞቹ ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ ጽንሳቸው እንደሚቋረጥ አሳየ። አንድም ጥይት ሳይተኮስ! በአንጻሩ በየሆቴሉ ግቢ በሰንሰለት ታስራ ለእንግዳ መዝናኛ ሙዝ የሚወረወርላት ጦጣ አለች። ከምርምሩና ከመዝናኛው የትኛው ነው ጭካኔ? እንስሳ ኮቴን ያስፈለገን ተመራማሪው ሳይሆን ይኸ ሰንሰለት ነው።

ቀርቶ የነበረው ሦስተኛው መልስ ነው፤ «ዘረፉን» የሚለው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ አንክድም። ከመካከላችን አንዱ ስለ ጭላዳ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ፈልጎ ለማንበብ ሲል በዶላር የተጠየቀው ዋጋ ከአንድ ወር ቀለቡ ይበልጥ ነበር። ባገራችን ተራራ ላይ የተገኘ ዕውቀት ባገራችን ልጅ አቅም የማይገዛ መሆኑ ግፍ ነው። ነገር ግን «ዘረፉን» ብሎ የሚጮኸው ሰው አንድ ቀን ደብረ ሊባኖስ አፋፍ ላይ ማስታወሻ ይዞ ተቀምጧል? የተዘረፈ ሰው የተወሰደበትን ዕቃ ስም ያውቃል፤ ይኸኛው ጯኺ ግን የጠፋበትን እንኳ አያውቀውም።

ደግሞም ያገር ልጅ የለም ማለት ሐሰት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲው አፈወርቅ በቀለ ስንቱን የአጥቢ እንስሳት አጥኚ እንዳፈሩ የሚያውቅ ያውቃል። አዲሱ መኮንን የባሌን ጦጣ ተከታትለው፣ ከምግቧ ሦስት አራተኛ ገደማው ቀርከሃ መሆኑን አሳይተዋል፤ ቀርከሃው ካለቀ እሷም ማለቋ ነው። ወደ ኋላም ብንሄድ አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከወንዙ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ፤ ሌላው መንገደኛ ልብስ አጣቢ ብቻ አይቶ ያለፈበት ቦታ ነው። የቢልሃርዝያ ትል አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መድኃኒት ከዚያ ወጣ። ዓይን ያለው ሰው ላቦራቶሪው ወንዝ ዳር ነው።

ዓይንስ ማን አለው? ከመካከላችን የወጨጫ ሥር ልጆች አሉ፤ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ከገብስ ማሳ ዳር ዝንጀሮና ጦጣ ሲጠብቁ ነው። አንዳንዱ ከትምህርት ቤት የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ተመራማሪው ሁለት ዓመት የተቀመጠበትን ልጁ አሥር ዓመት ተቀምጦበታል። መንጋው በየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀድም፣ በየትኛው ወር እንደሚደፍር ያውቃል። ጀልዴሳ፣ ቀመሌና ወኒ ብሎ ዝንጀሮውን፣ ጦጣዋንና ጉሬዛውን በኦሮምኛ ለይቶ ይጠራል። ይኸ ሁሉ ዕውቀት ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ከአያት ጋር ይቀበራል። ማሳው የተበላበትን ገበሬ «ዝንጀሮ ብርቅ ነው» ብሎ መስበክም ቀልድ ነው፤ መጀመሪያ ኪሣራውን መስማት፣ መጻፍ፣ መፍትሔ አብሮ መፈለግ ያስፈልጋል። ዝንጀሮውን የሚያተርፈው ገበሬው ሲስማማ ብቻ ነውና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሙግት ያለ ሐሳብ ጩኸት ነው፤ ስለዚህ የምንጠይቀውን በቅደም ተከተል እናስቀምጣለን።

ሀ/ ባገራችን ጦጣና ዝንጀሮ ላይ የሚወጣ ጥናት ሁሉ አንድ አንድ ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛና በኦሮምኛ ይውጣለት። ይኸ የእኛ የቋንቋ ተማሪዎች ሥራ ነው። ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ እኛ ቋንቋውን ይዘን፣ እነሱ ዕውቀቱን ይዘው መሐል ላይ እንገናኝ።

ለ/ በደንና በጥብቅ ቦታ ዙሪያ ያሉ ውሾች የትል መድኃኒትና የእብድ ውሻ ክትባት እንዲያገኙ ይጠየቅ። የክረምቱን ዕረፍት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የሚያሳልፉ ተማሪዎች የኮሶውን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመስጊድ ደጅ፣ በዕድር ድንኳን ይንገሩ።

ሐ/ የማሳ ጠባቂዎችና የሽማግሌዎች ዕውቀት ይጻፍ። ስለ ጦጣና ዝንጀሮ የሚነገረው ተረት፣ ስምና ምልከታ ሁሉ በተናጋሪው ቋንቋ ይሰብሰብ።

መ/ ጦጣ በሰንሰለት የታሰረበት ግቢ ሻይ አንጠጣ። ይኸን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም።

ከአራቱ የቱ ይቅደም? «ውሻው ይቅደም፤ ሕይወት ነው» የሚል ይኖራል። እኛ ግን «ሀ» ይቅደም እንላለን፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚቆሙት በእሱ ላይ ነውና። ባለ ውሻው ለምን መድኃኒት እንደሚሰጥ በቋንቋው ካልሰማ አይሰጥም። ገበሬው ስለ ማሳው የተጻፈውን ካላነበበ ያለውን አይነግረንም። የሆቴሉ ባለቤት ጦጣዋ ምን እንደሆነች ካላወቀ ሰንሰለቱን አይፈታም።

«አማርኛ ለሳይንስ ቃል የለውም» የሚል ቢመጣ ደግሞ ይኸን ጽሑፍ መልሶ ያንብብ። አንጎል፣ ደረት፣ ጽንስ፣ አንጀት፣ እባጭ፣ ቢጫ ወባ፣ ኮሶ፤ የጎደለው የቱ ነው? ሄሞግሎቢንና ክሮሞሶም እንደ ሳሙናና እንደ መኪና እንግዳ ሆነው ገብተዋል፤ ቤተኛ ይሆናሉ። ቃል አልጠፋም። የጠፋው ቃሉን ሥራ ላይ የሚያውለው ሰው ነው።

እሾሁ ብዙ ነው፤ ገላችን ሁሉ ተወግቷል። ዝንጀሮዋ የቱ እንደሚቀድም ታውቃለች። ተማሪውስ?